የአባቴ ካሴት

ባለፈው እትም ስለ አማትና ምራት የጀመርኩትን ጉዳይ እንድቀጥል የጠየቃችሁኝ እህቶች ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ለሚቀጥለው አቆይቼዋለሁ። ሰሞኑን በቤቴ አንድ ነገር ገጥሞኝ ብዕሬ ወደ ሌላ አልሄድ አለኝ።

ነገሩ የጀመረው በልጄ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የበኩር ልጃችን ለእረፍት መቻራ መጥቶ ነበር። የመጋቢ ልጅ ምን እንደሚሰማ ከቤተ ሰቡ ይልቅ ምእመኑ ያገባዋል፤ የአገልጋይ ሚስት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ቡና እየለቀምኩ እሱ ከአጠገቤ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። «ምንድን ነው እሱ?» ብዬ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው ነጥቄ ወደ ራሴ ወሰድኩ። ራፕ ነው። ሁለት ሰዎች በእንግሊዝኛ እየተቀባበሉ ይንጣጣሉ። ለቁጣ አፌን ስከፍት ግን ከንግግሩ ሥር የሚዞረው ሙዚቃ ያዘኝ። ዜማው የእኛ አገር ነው!

ልጄ ደስ ብሎት ያስረዳኝ ጀመር። የሰማሁት ናስ የተባለው አሜሪካዊና የቦብ ማርሌይ ልጅ ዴሚያን ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ሥራ ነው። ሥሩ የሚዞረው ሙዚቃ የሙላቱ አስታጥቄ ነው። የሂፕ ሆፕ ሰዎች የድሮ ሸክላ ያስሱና አንድ ሁለት መስመር ቆርጠው ያወጣሉ፤ ያንኑ ደጋግመው እያዞሩ በላዩ ይናገራሉ። ኦ ኖ የሚባል የካሊፎርኒያ ሙዚቀኛማ በ2009 ከኛው አገር የ1960ዎቹና 70ዎቹ ሙዚቃ ቁርጥራጭ አንድ ሙሉ አልበም ሠርቷል አለኝ። እኔ ስለ ራፑ ቃል የምለው የለኝም፤ ግማሹን አልሰማሁትም፣ ከሰማሁትም ለጉባኤ የሚሆን ብዙ አላገኘሁም። «ዋናውን አሰማኝ፣ የተቆረጠበትን» አልኩት። ልጄ በስልኩ የሰበሰባቸውን የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎች ተራ በተራ ከፈተልኝ።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ቡናው ከነሰፌዱ ከጭኔ ወደቀ። ኦርጋን ነው የሚጫወተው። ከኋላው ነፋስ መሣሪያ ይመልሳል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ለማይቀረው ጊዜ ያልሰማሁት ነገር ነው፤ ጣቶቼ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ከእኔ ቀድመው በጉልበቴ ላይ መቱ። «ይሄ የአባዬ ካሴት ነው» አልኩ። ልጄ ስልኩን አየና «‹ወደ ሐረር ጉዞ› ይላል» አለኝ።

ያደግሁት አሰበ ተፈሪ ነው። ዛሬ ጭሮ ነው ስሙ፤ ምላሴ ግን በልጅነቴ ስም ይቀናዋል። አባቴ የኤንትሬ ሹፌር ነበር። ከአዋሽ ተነሥቶ ሚኤሶን አልፎ ዳገቱን ወደ እኛ ይወጣል፤ አንድ ሌሊት ቤቱ ያድርና በሂርና፣ በጨለንቆ፣ በቁልቢ አድርጎ ወደ ሐረር ወይም ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ጋቢናው ውስጥ በሽቦ የታሰረ ቴፕ ነበረው። ካሴቶቹን በብስኩት ቆርቆሮ ያኖራል። ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ የማጠንጠን ሥራ የእኔ ነበር፤ ለዚህም ከረሜላ ይከፈለኛል። ከሁሉም የሚወደው «ወደ ሐረር ጉዞ» የሚለውን ነበር። «የእኛን መንገድ ነው የሚጫወቱት» ይላል።

ልጅ ሳለሁ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር፤ ታሪኩን ያወቅሁት ገና አሁን ነው። ኦርጋኑን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ ነው። የደብረ ብርሃን ተወላጅ ነው፤ ገና በልጅነቱ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ገብቶ አኮርዲዮን የለመደ ሰው ነው። በዚያን ዘመን ከዋልያስ ባንድ ጋር በሒልተን ሆቴል ይሠራ ነበር። ይህን ካሴት ግን እ.ኤ.አ. በ1978 የቀረጸው በግዮን ሆቴል ከሚጫወተው ከዳህላክ ባንድ ጋር ነው፤ ክበቡ ለእንግዳ በማይከፈትበት የከሰዓት በኋላ ሰዓት፣ በሦስት ቀን። ስቱዲዮ የሚባል ቅንጦት የለም፤ ሌሊቱ ደግሞ የሰዓት እላፊ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም በመሣሪያ የሚሄድ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ዋልያስ አሜሪካ ሄዱና ኃይሉ እዚያው ቀረ። ጊዜው ሲገፋ መድረኩን ትቶ ዋሽንግተን አጠገብ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ። ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የአባቴ ተወዳጅ ሙዚቀኛም ሹፌር ነበር ማለት ነው!

ከዚያ ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አንድ ሌላ የኃይሉ ካሴት ያገኛል፤ በ1985 የወጣ፣ በአኮርዲዮን የተሠራ። ስልኩን ፈልጎ ደወለለትና በ2013 ያንን ካሴት እንደገና አሳተመው። ‹ወደ ሐረር ጉዞ› ደግሞ በ2016 ተከተለ፤ በሸክላ፣ በሲዲ፣ በካሴትም ጭምር። ኃይሉ ከዓመታት ዝምታ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ተመልሶ መጫወት ጀመረ፣ በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ። ልጄ ስልክ ላይ ያገኘሁት ይህንን ዳግም የታተመውን ነው።

አባቴ ካሴቱን ለምን ያን ያህል እንደሚወደው የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሷም የነገረችኝ እሱ ካረፈ በኋላ ነው። በ1969 መጨረሻ የሶማሊያ ጦር ሲገባ የአባቴ መኪና ከነሹፌሯ ለዘመቻ ተወሰደች። ያን ክረምትና ያን በጋ ዱቄትና ጥይት ጭኖ በዚያው በለመደው መንገድ ተመላለሰ፤ ሲመለስ ቁስለኛ ይጭናል። ስለዚያ ወራት አንድም ቀን ሲያወራ አልሰማሁትም። ጦርነቱ በ1970 መጋቢት ካበቃ በኋላ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ካሴቱን አየው፤ በላዩ ላይ «ወደ ሐረር ጉዞ» የሚለውን አንብቦ ገዛው። «ከዚያ ወዲያ ነው መንገዱ መንገድ የሆነለት» አለችኝ እናቴ። ትርጉሙን አብራርታ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

አሁን ወደ ከበደኝ ክፍል ልምጣ።

ጌታን የተቀበልኩት በ1990 ዓ.ም ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የእኛ ዘመን ልጆች እንዴት ትኩስ እንደነበርን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ጾሙ፣ የአዳር ጸሎቱ፣ በየሰፈሩ መመስከሩ፤ ዛሬም ቢሆን ለዚያ እሳት ጌታን አመሰግናለሁ። አንድ ቅዳሜ የወጣቶች ኅብረታችን በየቤቱ ያለውን የዓለም ካሴት ሰብስቦ እንዲያቃጥል ተወሰነ። እኔ ከቤት ያወጣሁት የብስኩቱን ቆርቆሮ ነበር። አባቴ መንገድ ላይ ነው። ለዚያ ጉዞ ቴፑ ተበላሽቶበት ካሴቶቹን ቤት ትቶ ነበር የሄደው።

በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን አላወቅሁም ብዬ አልዋሽም። አውቅ ነበር። ‹ወደ ሐረር ጉዞ› ላይ አንድ ነገር ነበረበት። አራት ዓመቴ ሳለ ታላቅ ወንድሜ የካሴቱን ጫፍ ቀዳዳ በወረቀት ወትፎ ቴፑን ለመቅረጽ ያዘጋጃል። በኋላ እኔ መጥቼ ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንኩ። ‹እምቧ በይ ላሚቱ› የሚለው ዜማ መካከል ላይ ነበር። ሙዚቃው ይቆረጥና የአባቴ ድምፅ ይመጣል፤ «እስኪ እምቧ በይ» ይለኛል። እኔ «እምቧ» እላለሁ። ይስቃል፣ ያስለዋል፣ «በይ ድገሚ» ይላል፤ እደግማለሁ። ከዚያ ቀጭ ይልና ሙዚቃው ይመለሳል። ተበላሸብኝ ብሎ አልተቆጣም። እንግዳ ሲመጣ ያንን ቦታ ፈልጎ ያሰማ ነበር።

ይህን እያወቅሁ ነው ያመጣሁት። እንዲያውም የሚከብደኝ እሱ ስለነበር ነው ያመጣሁት፤ የሚከብደውን የሰጠ የበለጠ እንደሰጠ ይቆጠራል ብዬ። ጋዙ ተርከፈከፈ፣ ክብሪት ተጫረ፣ ዘመርን። የካሴት ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ሹራቤ ላይ ሳምንት ቆየ።

አባቴ በሦስተኛው ቀን መጣ። ቆርቆሮውን ፈለገ። እናቴን ጠየቃት፤ እናቴ እኔን አየች። ይመታኛል ብዬ ለስደት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስደቱን እንደ ማዕረግ የምንቆጥርበት ጊዜ ነበርና። እሱ ግን ጋቢናው መወጣጫ ላይ ቁጭ አለና «ልጄ፣ ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር» አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ሌላ ካሴት አልገዛም። ካረፈበት እስከ 2001 ዓ.ም ድረስ ሬዲዮ ብቻ ነበር የሚሰማው። ድምፁ የተቀረጸበት ሌላ ምንም ነገር የለንም።

እንግዲህ በዚያ ምሽት ልጄ ሲተኛ ሙዚቃውን ለባለቤቴ ከፈትኩለት። ይህን ታሪክ በሃያ ምናምን ዓመት ትዳር ውስጥ አንሥተነው አናውቅም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ጋዙን የገዛው እሱ ነው። የዚያው ኅብረት ልጅ ነበር፤ የተዋወቅነውም እዚያው ነው። እያገለገልን ተጋባን፣ ልጆች ወለድን፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ተዛወርን፤ ያቺን ቅዳሜ ግን ሁለታችንም ስናልፍ እንዘልላት ነበር።

ሙዚቃውን ሰምቶ ሲጨርስ መጀመሪያ የተናገረው እንደ መጋቢ ነው። «ወጣቶቹ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?» አለ። አልፈረድኩበትም፤ መንጋ ያለበት ሰው ነው። ደግሞም እውነቱን ነው፤ ያን ቀን ካሴቱን ካቃጠሉት መካከል መጠጥ ያሰረው አንድ ወንድም ነበር። ዘፈኑ እንደተከፈተ እግሩ ወደ ጠላ ቤት ይሄድ ነበር። ለእሱ ያ እሳት ነጻነቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ቆሟል። እንዲህ ያለውን ሰው በእኔ ጸጸት ላናውጠው አልፈልግም።

«የሱ ግን የራሱ ነበር» አልኩት ለባለቤቴ።

ዝም አለ። ያኔ ልቤ ውስጥ ሲብሰለሰል የነበረውን አወጣሁ። ለዚያ ቅዳሜ መሠረት ያደረግነው ክፍል የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ነበር፤ የኤፌሶን ሰዎች መጻሕፍታቸውን በሰው ሁሉ ፊት ያቃጠሉበት። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለዚህ ክፍል የጥናት ጽሑፍ አቅርቤ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ስለ አርጤምስ መቅደስ፣ ስለ ኤፌሶን ንግድ፣ ስለ ሃምሳ ሺህ ብሩ ዋጋ ገጽ በገጽ ጽፌያለሁ። አንድ ነገር ግን አልታየኝም ነበር፤ እነዚያ ሰዎች አስማት ሲሠሩ የኖሩት ራሳቸው ናቸው፣ ያመጡትም የገዛ ራሳቸውን ነው፣ ዋጋውም የተተመነው ከራሳቸው ኪስ ነው። የአባቱን ቆርቆሮ ይዞ የመጣ ልጅ በዚያ ምዕራፍ የለም። እኔ ያን ቀን ምንም አልከፈልኩም፤ የከፈለው መንገድ ላይ የነበረ ሰው ነው፣ ሳያውቅ።

ባለቤቴ መጽሐፍ ቅዱሱን አንሥቶ ምዕራፉን ከፍቶ አነበበ። (ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የሚስቱ ቃል በቂ አይሆንለትም።) አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «አባትሽ ሲያገኘኝ ሁሌም ወንበር ይለቅልኝ ነበር» አለ። «ሽማግሌ ልኬ ስጠይቅሽም ‹እሳት የያዘው ልጅ ነው› ብለው ነው የሰጡኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።» ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ረጅም አልሆነም።

ሙዚቃውን በድጋሚ ስለ ማዳመጥ ጥቂት ልበል፣ እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ አንዲት ጆሮዋ ያደገበት ሴት። መጀመሪያ የገረመኝ ፍጥነቱ ነው። በእኔ ትዝታ ዜማው ቀርፋፋ ነበር፤ ለካ የእኛ ካሴት ጋቢና ውስጥ በሚኤሶ ፀሐይ ክሩ ተለጥጦ ኖሯል። በአዲሱ ሕትመት ከበሮው ንቁ ነው፣ ቤዙ ይሰማል፣ የነፋስ መሣሪያዎቹ እያንዳንዳቸው ይለያሉ። ሁለተኛው ነገር፣ በእሑድ አምልኮ የምንዘምርባቸው ቅኝቶች ሁሉ እዚያ አሉ። ትዝታው አለ፣ ባቲው አለ። የእኛው የመዘምራን ኪቦርድ ተጫዋች አንዳንድ መዝሙር መግቢያ ላይ ጣቱን የሚያንሸራትትበት መንገድ ያለ ጥርጥር ከእነዚህ ሰዎች የመጣ ነው፤ እሱ ካሴቱን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል፣ አስተማሪው ግን ሰምቷል፣ ወይም የአስተማሪው አስተማሪ። ብንፈልግም ይህንን ከጆሯችን ማቃጠል አንችልም ነበር።

ሦስተኛው ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ነው። ‹እምቧ በይ ላሚቱ› ሲደርስ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ቦታው መጣ። ሙዚቃው አልተቆረጠም። ቀጥ ብሎ አለፈ። ኦርጋኑ በዚያ ቦታ ምን እንደሚጫወት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ ቆንጆ ነው፤ ግን እንግዳ ነው። የዓለም ሰው ሁሉ ሊገዛው የሚችለው ሙሉው ነው። የእኛው ጎዶሎ ግን አንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአገልግሎቴ አንድ ልማድ ለውጫለሁ። አዲስ የዳኑ ልጆች አንድ ነገር ይዘው መጥተው «ይህን ልጣለው?» ሲሉኝ፣ ስለ ዕቃው ከመናገሬ በፊት የማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። የእናትሽ ነው? ታውቃለች? እስኪ መጀመሪያ ጠይቂያት፣ አልቀበልም ብትልም ቁጭ ብለሽ ለምን እንደምትወደው ስሚያት እላታለሁ። አንዳንዶቹ ቀዝቅዛለች ይሉኛል። ይበሉኝ።

በልጄ ጉዳይም ከባለቤቴ ጋር ገና አልተስማማንም። እሱ ራፑ ከቤት ይቅር ባይ ነው። እኔ ደግሞ ቃሉን አብረን እየሰማን መልካሙን ከክፉው ይለይ፣ ስልኩ የእሱ ነው፣ ምርጫውም የእሱ ይሁን እላለሁ። በጸሎት ይዘነዋል። የሚሆነውን በሌላ ጊዜ እጽፍላችሁ ይሆናል።

እናቴ ከእኛው ጋር መቻራ ነው የምትኖረው። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደኅና ነው። ለእሷ ማሰማቱን ፈርቼ ቀናት አሳለፍኩ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ባለቤቴም ልጄም ባሉበት፣ ስልኩን ከጎኗ አስቀምጬ ከፈትኩት። መጀመሪያ ምንም አላለችም። ‹ወደ ሐረር ጉዞ› ላይ ብቻ እጇ ነጠላዋን ጨበጥ አደረገ። ባለቤቴ «እማማ፣ አወቁት?» አላት። በአገጯ አዎ አለችው።

‹እምቧ በይ ላሚቱ› ተጀመረ። እኔ ወደ መሬት አቀረቀርኩ። ያ ቦታ ሲደርስ፣ ሙዚቃው ሳይቆረጥ ሊያልፍ ሲል፣ እናቴ ራሷን ቀና አድርጋ በአባቴ አነጋገር፣ ሳሉን ሳይቀር ጨምራ፣ «በይ ድገሚ» አለችኝ።